እስከ አሊዩ አምባ የተሸከምኩት ምስጋና

ነገሩ የጀመረው እዚሁ አዳማ፣ በአንድ ጎረቤታችን ቀብር ላይ ነው። ሟቹ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። አስከሬኑ ጉድጓድ አፋፍ ላይ እንዳለ አንድ ሰው ተነሥቶ፣ ይህ ሰው ርቦኝ አብልቶኛል፣ ሥራ አስይዞኛል፣ ልጄን አስተምሮልኛል እያለ ተናገረ። ሕዝቡ አለቀሰ። እኔ ተናደድኩ። ዳቦ ጋጋሪው በሕይወት ሳለ ከዚያ ሰው አንዲት ደግ ቃል ሰምቶ እንደማያውቅ አጫውቶኝ ነበርና። ጆሮ ከተዘጋ በኋላ የሚነገር ምስጋና ለሟች ምን ይጠቅመዋል? የሚጠቅመው ተናጋሪውን ነው። ይህን እያሰላሰልኩ ቤቴ ገባሁና እራት ላይ ለልጆቼ አስተማርኩበት። ልጆቼ ማስተማር እንደምወድ ያውቃሉ፤ አንገታቸውን ደፍተው ይበላሉ። ታላቋ ትዕግሥት ብቻ ቀና ብላ፣ "አንተስ አባዬ፣ ያላመሰገንከው ሰው የለም?" አለችኝ።

ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛዋ ደብረ ብርሃን ያሉት ወይዘሮ አስካለ ናቸው፤ ስለ እሳቸው በቦታው እናገራለሁ። ሁለተኛው ሐጂ ሙሳ ናቸው።

የተወለድኩት ከአንኮበር በላይ ባለው ደጋ ነው። በአንድ ክፉ ዘመን እናትና አባቴ ተከታትለው ሲሞቱ አጎቴ ይዞኝ ወደ ቆላው ወረደና አሊዩ አምባ ገበያ ውስጥ ለሐጂ ሙሳ አደራ ሰጠኝ። ሐጂ የእህልና የጨው ነጋዴ ነበሩ። እሳቸውና ሚስታቸው እማ ዘሀራ ልጅ አልነበራቸውም። እነሱ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን። ልጁን ለምን አታሰልሙትም ያላቸው ሰው ነበር፤ ሐጂ ግን "የተሰጠኝ ከነማተቡ ነው" ብለው መለሱለት። ማተቤ ባለቀ ቁጥር ከሱቃቸው ክር ቆርጠው አንገቴ ላይ ያስሩልኝ ነበር። ረቡዕና ዓርብ ወተት ስጠጣ ካገኙኝ ይቆጡኛል። ለፋሲካ ዶሮ የሚያርድልኝ ክርስቲያን ፈልገው ያመጣሉ።

ፊደል ያስቆጠሩኝም እሳቸው ናቸው። ግን ፊደል አያውቁም ነበር፤ የሚያውቁት ቁርኣናቸውን ነው። ደብረ ብርሃን ወጥተው የፊደል ገበታ ገዝተው መጡና የሱቁ ምሰሶ ላይ ሰቀሉት። ከዚያ አላፊ አግዳሚውን ፊደል አዋቂ እየለመኑ አንዳንድ መስመር ያስነግሩኛል። ማታ ማታ የሳሙና ካርቶን አምጥተው "ይሄ ምን ይላል?" ይሉኛል። የመለስኩትን ሁሉ "እሺ፣ ጎበዝ" ብለው ይቀበላሉ። አንድ ቀን ያላወቅሁትን ቃል ፈጥሬ ነገርኳቸው፤ እሱንም "ጎበዝ" አሉኝ። ያን ዕለት እንቅልፍ አጣሁ። የሚያርመኝ እንደሌለ፣ ራሴን ማረም ያለብኝ እኔ እንደሆንኩ የገባኝ ያኔ ነው። ትምህርት ቤት ደጅ ሳልረግጥ ዛሬ ይህን ለመጻፍ የበቃሁት በዚያ ነው። ልጆቼን ውሸት ለደግም ቢሆን ውሸት ነው እያልኩ ያሳደግሁትም በዚያ ነው።

ስጎረምስ ሥራ ፍለጋ ወጣሁ፣ አዳማ ደረስኩ፣ የብረት በርና መስኮት መሥራት ለመድኩ፣ ትዳር ያዝኩ። አልተመለስኩም። ምክንያት መደርደር እችላለሁ፤ ግን ምክንያት ያልኩት ሁሉ ሲመዘን ስንፍና ነው። ሐጂ በሕይወት እንዳሉ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሽንኩርት ነጋዴ ነግሮኝ ነበር። የሚደወልላቸው ስልክ ቁጥር ግን አልነበረውም።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ መንገዱ ሰላም ነው ሲሉን ተነሣን። ባለቤቴ ጉልበቴን ስለማታምነው ትዕግሥት ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ አብራኝ ሄደች። ትዕግሥት ነርስ ናት፤ ለእኔም ለበሽተኛም አንድ ዓይነት ድምፅ ነው የምታሰማው።

ሰኞ

ከአዳማ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ላምበረት ሄደን የደብረ ብርሃን ሚኒባስ ያዝን። አዳማን ለለመደ ዓይን የሰሜን ሸዋ መንገድ ወና ነው። በእኛ በኩል ሁለት እርምጃ ሳይሄዱ ሱቅ አለ፣ ጎሚስታ አለ፣ ጁስ ቤት አለ። እዚያ ሜዳው ገብስ ብቻ ነው፤ መሃል መሃል ባሕር ዛፍ ቆሞበታል። ፍተሻ ላይ ወርደን መታወቂያ አሳየን። ተሳፋሪው አያወራም። አንድ ሰው ሬዲዮኑን ዝጋው አለ፤ ሾፌሩም ዘጋው።

ጫጫ ልንደርስ ስንል ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫው ጎማ ከፈነዳው የባሰ ነበር። ሾፌሩ ሌላ ጎማ ፍለጋ ሲሄድ እኛ ንፋስ ላይ ቀረን። የጥቅምት ንፋስ ሲባል እሰማ ነበር እንጂ ረስቼው ኖሯል፤ አዳማ ውስጥ ንፋስ አቧራ ያመጣል እንጂ አጥንት ውስጥ አይገባም። አንዲት ገብስ ትወቅጥ የነበረች ሴት ከቤቷ በርጩማ ይዛ መጣችና እኔን አስቀመጠችኝ፣ ለትዕግሥት ነጠላዋን ደረበችላት። የተቆላ ገብስ በሰፌድ አቀረበችልን። ከየት ነው የመጣችሁት አለች። ከአዳማ ስላት፣ "ውይ፣ ሙቀቱን ትታችሁ ምን ልትሠሩ መጣችሁ?" አለችኝ። ሰው ላመሰግን አልኳት። ቆሎዋን እያሸች አየችኝና፣ "ታመው ነው እንዴ?" አለች፤ እኔን ማለቷ ነው። በእኛ አገር ለምስጋና የሚዞር ሰው ሐኪም ተስፋ የቆረጠበት ብቻ ነው ብላ ሳቀች። ትዕግሥትም ሳቀች። እኔ ግን አላስደሰተኝም፤ ምክንያቱም እውነት ነው።

ደብረ ብርሃን ስንገባ መሽቷል። ያረፍንበት ሆቴል የሻወሩ ማሞቂያ ተበላሽቶ ነበር። ባለቤቱ አዛውንት ሴት፣ እኔ ስቆጣ ምንም ሳይመልሱ በምድጃ ያሞቁትን ውኃ በባልዲ አስይዘው ክፍሌ ድረስ አመጡልኝ። የተቆጣሁበት ቃል አፌ ውስጥ መረረኝ። እቤቴ ቢሆን እንዲህ ያለ ሰው ሲያጋጥመኝ ለልጆቼ ምሳሌ አድርጌ እናገር ነበር፤ እዚያ ግን ቁጡው እኔ ነበርኩ።

ማክሰኞ

ጠዋት ገበያ ወጥተን የሱፍ ብርድ ልብስ ገዛሁ። ትዕግሥት ለማን ነው አለችኝ። ለሐጂ ነው አልኳት። "አባዬ፣ አሊዩ አምባ ቆላ ነው አላልከኝም? በቆላ ብርድ ልብስ?" ብላ ሳቀችብኝ። ሐጂ ለንግድ ወደዚህ ሲወጡ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲንቀጠቀጡ ትዝ ብሎኝ ነው እንጂ ቆላ መሆኑን አጥቼው አይደለም። ሽማግሌ በቆላም ይበርደዋል ብዬ አፏን አዘጋሁ።

ከዚያ ወይዘሮ አስካለን ፍለጋ በባጃጅ ወደ ጠባሴ ሄድን። ወይዘሮ አስካለ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ከቆላ ወጥቼ ማደሪያ ሳጣ ማጀታቸው ውስጥ አስተኝተውኛል፤ ሥራ እስክይዝም አብልተውኛል። አሁን ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ አልጋ ላይ ናቸው። ገብቼ ጉልበታቸውን ሳምኩና ማንነቴን ነገርኳቸው። ደስታቸው ልክ አልነበረውም። "ከበደ! እኔ እኮ መጥቶ ሳያየኝ አልሞትም እላቸዋለሁ" አሉ። ደምሴ ነኝ አልኳቸው። "አዎ፣ ከበደ" አሉ። ያዘጋጀሁትን ምስጋና በሙሉ ተናገርኩ፤ እሳቸውም እጄን ይዘው በሙሉ ሰሙኝ፣ እንባቸው ወረደ፣ መረቁኝ። ልጃቸው አፍራ፣ ከበደ የሚባል ወንድም ነበረኝ፣ ከሄደበት አልተመለሰም ብላ በሹክሹክታ ነገረችኝ።

ውጭ ስንወጣ ትዕግሥት ለምን አላረምካቸውም አለችኝ። መልእክቱ ከደረሰ የላኪው ስም ቢጠፋ ምንም አይደለም አልኳት። ጥሩ አባባል መስሎኝ ነበር። ግን እስከ መናኸሪያው ድረስ ከበደ፣ ከበደ የሚለው ጆሮዬ ላይ ነበር። ምስጋናዬን ሌላ ሰው ይዞብኝ የሄደ መሰለኝ። የሰው ልብ ክፉ ነው፤ ውለታ ሲመልስ እንኳ ስሙ እንዲጠራለት ይፈልጋል።

ከሰዓት በኋላ አንኮበር ገባን። ከተማዋን ጎረቤላ ይሏታል። ጉሙ ከገደሉ እየወጣ መንገዱ ላይ ይተኛል፤ አሥር እርምጃ የራቀ ሰው ድምፁ ብቻ ነው የሚታወቀው። እራት የበላንበት ቤት አህመድ የሚባል የአሊዩ አምባ ሾፌር አጠገባችን ተቀምጦ ነበር፤ ጨዋታ ያውቃል። ባለቤቷን፣ ይሄ ወጥሽ ከጉሙ በምን ይለያል እያለ ያስቃት ነበር። የሐጂ ሙሳን ቤት ታውቃለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

"ሐጂ ሙሳን የማያውቅ አለ እንዴ?" አለና ወደ እኔ ዞረ። "ምናቸው ነዎት እርስዎ?"

ያን ጊዜ ኩራት ተሰማኝ። "ልጃቸው ነኝ። እሳቸው ናቸው ያሳደጉኝ" አልኩት።

አህመድ የያዘውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠው። እጁን ታጠበ። "ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ" አለ። ከዚያ በኋላ አልቀለደም። ጠዋት በመኪናው እንደሚያወርደን፣ ፊት ወንበር ላይ እንደሚያስቀምጠን ነገረንና ሄደ። ለትዕግሥት፣ አየሽ የቆላ ሰው ጨዋነት፣ የሐጂ ስም ሲነሣ እንኳ ቀልድ ያቆማል አልኳት።

ረቡዕ

ከጎረቤላ ወደ አሊዩ አምባ መውረድ በአንድ ቀን ሁለት አገር ማየት ነው። ከላይ ካፖርት ለብሰን ተነሣን፤ ታች ሳንደርስ ሸሚዝ ቀረን። ገብሱ በማሽላ ተተካ፣ ጽዱ በግራር። ሙቀቱ ሲነካኝ አዳማ የገባሁ መሰለኝና ደስ አለኝ። ለካስ አዳማን የወደድኳት ይህን ቆላ ስለምትመስል ነው።

አህመድ ቤቱ ደጅ ድረስ አደረሰንና ሳይወርድ ዞሮ ሄደ።

በሩ ያው የእንጨት በር ነው። እማ ዘሀራ ግቢ ውስጥ ጥላ ላይ ተቀምጣ ማሾ ትለቅም ነበር። ዓይኗ ደክሟል። እንደምን ዋሉ ብዬ ገባሁ።

"ማነው አንቱ የሚለኝ?" አለች።

"እኔ ነኝ፤ ደምሴ።"

እጇን ዘርግታ ፊቴን ዳበሰች፤ ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ ከዚያ አንገቴን። አንገቴ ላይ ክሩን ስታገኝ ያዝ አድርጋ ለቀቀችው። ሐጂስ የት አሉ አልኳት። መልስ ከመስጠቷ በፊት ማሾውን ከሰፌዱ ወደ ቁና ገለበጠች።

"ዛሬ አታገኘውም" አለች። "ነገ ጠዋት ሁሴን ይወስድሃል። አሁን ብሉ።"

ሁሴን የጎረቤት ሽማግሌ ነው፤ በልጅነት አብረን ፍየል አግደናል። ሐጂ ሌላ መንደር ሄደው ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ምግብ ከመድረሱ በፊት አንዲት የጎረቤት ሴት ለትዕግሥት በኩባያ ወተት አመጣችላት። ትዕግሥት አመስግና ወደ አፏ ስታስጠጋ እማ ዘሀራ ሰማች መሰለኝ፣ "ምን ሰጠሻት?" አለች። ወተት ነው አለቻት። እማ ዘሀራ እጇን ዘርግታ ኩባያውን ከትዕግሥት እጅ ተቀበለች። "ዛሬ ረቡዕ አይደለም? አባትሽ ጾም አላስተማረሽም?"

ትዕግሥት እኔን አየችኝ። በቤቴ ስለ ጾም የማልናገርበት ሳምንት የለም፤ ልጄ ግን ለካስ ስሰብክ እንጂ ሳስተምር አላየችኝም። ሽሮ ያለ ቅቤ መጣልንና በላን። የሸዋ ክርስቲያን ቤት ብንገባ ቀኑን የሚያስታውሰን ሰው መኖሩን እንጃ።

አመሻሽ ላይ ጎረቤት መሰብሰብ ጀመረ። ወንዶቹ አጥሩን ተደግፈው ተቀመጡ፣ ሴቶቹ ወደ ማጀት ገቡ፤ ትዕግሥትም ተከተለቻቸው። እያንዳንዱ ሰው እጄን ሲይዝ አጥብቆ ይይዘኛል፤ ቶሎ አይለቅም። እኔን ለማየት የመጡ መሰለኝ። ሰው ሲሰበሰብ ደግሞ መናገር እወዳለሁ። ተነሣሁ። ብርድ ልብሱን ክንዴ ላይ አድርጌ፣ ሐጂ ያደረጉልኝን ሁሉ ተናገርኩ፤ ክሩን፣ የፋሲካውን ዶሮ፣ የሳሙናውን ካርቶን። የአዳማውን ዳቦ ጋጋሪ ቀብርም አነሣሁ። ሰው በሕይወት ሳለ ይመስገን እንጂ ለሬሳ የሚነገር ምስጋና ዋጋ የለውም፤ እኔም ዘገየሁ እንጂ ፈጣሪ ይመስገን ደርሻለሁ፣ ነገ ጠዋት በፊታቸው እደግመዋለሁ አልኩ።

ሁሉም መሬት መሬት ያያል። መጨረሻ ላይ ሁሴን ዝግ ባለ ድምፅ "አሚን" አለ፤ ሌሎቹም "አሚን" አሉ። ንግግሬ ልባቸውን ነክቶት ነው ብዬ ተቀመጥኩ።

ሐሙስ

ገና ወገግ ሲል ትዕግሥት ቀሰቀሰችኝ። "አባዬ፣ ጫማህን አድርግ" አለች። ድምፅዋ የነርስነቷ ድምፅ አልነበረም። በሩን ስከፍት ግቢው ሰው ሞልቶበታል፤ ሁሉም ተከናንቦ ቆሟል። በማለዳ ደጁ ላይ ሰው ተሰብስቦ ያየ የእኛ አገር ሰው፣ ሳይነገረው ያውቃል። የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ሁሴን መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ። "ደምሴ፣ ጠንክር" አለኝ። "ሐጂ ወደ አኼራ ሄደዋል። ረመዳን ሊገባ ሲል ነው። አላህ ይርሐማቸው።"

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። የአህመድ ጉርሻ፣ ማጀት የገቡት ሴቶች፣ የእጅ አያያዙ። ለዘመድ መርዶ በመንገድ ላይ አይነገርም። አንኮበር ላይ እንግዳ ነኝ፣ ሐጂ ሙሳን ልጠይቅ መጣሁ ብል ኖሮ፣ አህመድ እዚያው ሞተዋል ይለኝ ነበር። ልጃቸው ነኝ በማለቴ ተደበቀብኝ።

ለሟች የሚነገር ምስጋና ዋጋ የለውም እያልኩ ለሟች ምስጋና ስናገር አምሽቻለሁ። ሰው ሁሉ እያወቀ ሰምቶኛል።

ጮክ ብዬ አለቀስኩ። በእኛ ወግ፣ አባቴ እያልኩ። በእነሱ ዘንድ እንዲህ ያለ ጩኸት አይወደድም፤ አንድ ወጣት ዝም ሊያሰኘኝ ሲጠጋ ሁሴን፣ "ተወው፣ በለመደው ያልቅስ" አለው። ልጄ እንዲህ ሆኜ አይታኝ አታውቅም። እናቷ ስትታመም፣ ወንድሟ ስንትና ስንት ጊዜ ሲያስቸግረን፣ ሰው መጠንከር አለበት ብዬ የማስተምር ሰው ነኝ። ያን ጠዋት መጠንከር አልቻልኩም፤ ልችል እንደሚገባኝም አላውቅም።

ፀሐይ ስትወጣ፣ እማ ዘሀራ እንዳለችው ሁሴን ወሰደኝ። መቃብሩ ከመንደሩ በላይ ተዳፋት ላይ ነው፤ ድንጋይ ተከቦበታል፣ ስም የለውም። አዳማ ቢሆን እብነ በረድና ፎቶግራፍ ይደረግበት ነበር። የብረት አጥር ሠርቼ ላምጣ ወይ አልኩት። ይህ ሥራዬ ነው፤ ሌላ የማውቀው የለኝም። ሁሴን ራሱን ነቀነቀ። "ድንጋዩ ይበቃኛል ብለዋል። ፍየሎቹ እንዳይረግጡት ብቻ ነው ያሉት።" እዚያው ቆመን ዱዓ አደረገ፤ እኔም በበኩሌ አባታችን ሆይ ደገምኩ።

ስንመለስ ትዕግሥትን ታውቂ ነበር ወይ አልኳት። ማታ ማጀት ውስጥ ሴቶቹ ነግረዋታል። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም። "መርዶ ልጅ ለአባቱ አይነግርም አሉኝ" አለች። ውሸት ለደግም ቢሆን ውሸት ነው ልላት አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። አገር ሙሉ ሰው በእኔ ላይ ዋሽቶ ነበር፤ አንዱም ግን ለራሱ ጥቅም ብሎ አልዋሸም። ይህን ነገር ገና እያሰብኩበት ነው። መልስ አላገኘሁም፤ ሳላገኝ ደግሞ አገኘሁ አልልም።

ቀኑን ሙሉ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ያመጣሁት ብርድ ልብስ ለለቀስተኛው ተነጠፈ። ሰው እየገባ "አላህ ያጽናህ" ይለኛል። ልጅ ስላልነበራቸው፣ ባለፈው ለቅሶ ጊዜ ይህን የሚባል ወንድ በቤቱ እንዳልነበረ ሁሴን ነገረኝ። የት እንዳለሁ ጠይቀው የሚያውቅ አጥተው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሲቀንስ ወደ እማ ዘሀራ ገባሁ። መደቧ ላይ ተቀምጣለች። ለሐጂ ሳልል ቀረሁ፣ ቢያንስ ለእሷ ልበል ብዬ አሰብኩ። የመጣሁት ለዚህ ነው፤ ሳልናገረው መመለስ አልቻልኩም።

"እማ፣ ለእሳቸው አልደረስኩም። ለእርስዎ ልበልና ልሂድ። ስላሳደጉኝ እግዜር ይስጥልኝ።"

ሻሿን አስተካከለች። የተቀበለችው መሰለኝ።

"ትናንት አንቱ አልከኝ፣ የከተማ ነው ብዬ ዝም አልኩ" አለች። "ዛሬ ደግሞ ይስጥልኝ ትለኛለህ። ይስጥልኝ የሚል እንግዳ ነው። በልቶ የሚሄድ ሰው ነው የሚለው። የቤት ልጅ በልቶ ሳህኑን ያነሣል።"

ለአክብሮት ነው አልኳት።

"እኔ ተቆጥቼህ ነው የኖርኩት። ሐጂ 'ይመጣል' ይለኛል፣ እኔ 'ይቅርበት' እለዋለሁ። ልጅ ነው፣ ይጠፋል፣ ያጠፋል ብዬ ነበር የምቆጣህ። አሁን ካመሰገንከኝ ማንን ልቆጣ? እንግዳ እኮ አይቆጡትም።"

ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት፣ በመንገድ ላይ ያሳመርኩት ቃል እጄ ላይ ቀረ። ወይዘሮ አስካለ ሳያውቁኝ ተቀበሉኝ፤ እማ ዘሀራ አውቃኝ መለሰችብኝ። አጠገቧ ባዶ ኩባያ ነበር። አንሥቼ ማጀት አስገባሁትና ተመልሼ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። እስኪመሽ ድረስ ተቆጣችኝ። ትዳር ስይዝ ለምን እንዳልነገርኳት፣ ልጅ ስወልድ ለምን እንዳላመጣኋት፣ ሐጂ ዓይኑ ሲጠፋ የሳሙና ካርቶን ይዞ መንገደኛውን ሁሉ "ይሄ ምን ይላል?" እያለ ሲጠይቅ ስንት ጊዜ እንዳፈረችበት። እሷም ስትደክም ትንሽ አረፈች፣ ከዚያ ደግማ ጀመረች።

ዓርብ

አህመድ ጠዋት ስለሚወጣ በማለዳ ተነሣን። እማ ዘሀራ ዳግመኛ እንደማላገኛት አውቃለሁ፤ እሷም ታውቃለች። ዕድሜዋን አይቻለሁ፣ መንገዱንም አይቻለሁ። አገራችን ውስጥ እንግዳ ይሸኛል፤ ወንዝ እስኪሻገር፣ መኪና እስኪያገኝ አብረውት ይሄዳሉ። ሁሴን ሊሸኘን ጋቢውን ለብሶ መጥቶ ነበር።

"ምን ይሸኘዋል" አለችው እማ ዘሀራ፣ ከመደቧ ሳትነሣ። "መንገዱን ያውቀዋል።"

ሁሴን ጋቢውን አወረደና ተቀመጠ። ትዕግሥት ጉልበቷን ስማ ወጣች። እኔ ስስማት ክሬን ነካ አድርጋ፣ ሊበጠስ ነው፣ ለውጠው አለችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ማሾዋ መለሰች።

"ስትወጣ በሩን መልሰው። ፍየሎቹ ይገባሉ።"

"እሺ እማ። ደህና ዋዪ" አልኳት።

የበሩ ማጠፊያ ረግቧል፤ ካልተነሣ አይገጥምም። በሁለት እጄ አነሣሁና መለስኩት።